«ቶድሪ» እና የኢሊዋ ቅድስት

ሰላም እህቴ። ስለ አንድ ሚኒስትር ቅሌት በሚያወራ የእንግሊዝኛ ዜና ላይ «ቶድሪ አፌር» (tawdry affair) የሚል አንብበሽ፣ መዝገበ ቃላቱ «ብልጭልጭ ርካሽ ጌጥ» ሲልሽ ግራ ብትጋቢ አይፈረድብሽም። የውጭ ዜና ወደ አማርኛ ስመልስ በኖርኩባቸው ዓመታት እኔንም ደጋግሞ አስቁሞኛል። የሚፈታው የቃሉ ታሪክ ነው።

ቃሉ የመጣው ከአንዲት እንግሊዛዊት ቅድስት ነው። ኤቴልድሬዳ የምሥራቅ አንግሊያው ንጉሥ የአና ልጅ ነበረች (አዎ፣ አና ወንድ ነው)። ንግሥትነቱን ትታ መነኮሰች፤ እ.ኤ.አ. በ673 በእንግሊዝ ኢሊ በምትባል ቦታ ገዳም መሠረተች፤ በ679 አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት አረፈች። ታሪኳን የጻፈው መነኩሴው ቤዳ እንደሚለው፣ ሕመሙን በልጅነቷ አንገቷ ላይ ላንጠለጠለችው ከንቱ ጌጥ እንደ ቅጣት ትቆጥረው ነበር።

ሕዝቡ ስሟን አሳጥሮ ኦድሪ አላት። ኦክቶበር 17 በዓሏ ሲከበር ኢሊ ላይ ገበያ ይቆም ነበር፤ ሴቶች አንገታቸው ላይ የሚያስሩት የሐር ጥብጣብም በስሟ ይሸጥ ነበር። «ሴይንት ኦድሪ» በፍጥነት ሲጠራ የመጀመሪያው ቃል «ት» ወደ ሁለተኛው ተሻገረችና «ቶድሪ» ሆነ። ያኔ ስድብ አልነበረም፤ በሼክስፒር «የክረምት ተረት» አንዲት የገጠር ልጅ ቃል የተገባላትን ቶድሪ ጥብጣብ ትጠይቃለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ቃሉ ዐይን የሚስብ፣ ዋጋ የሌለው ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ፤ ከዚያ ወደ ሰው ምግባር ተሻገረ። ከጌጥ የሸሸች መነኩሲት ስሟ ለዚህ መዋሉ፣ እኔን ሁሌም ያሳዝነኛል።

ከ«ሶርዲድ» (sordid) ጋር አታምታቺው። እሱ ሥሩ ላቲን ነው፤ በቀጥታ እድፍ ማለት ነው። የእርዳታ እህል መስረቅ ሶርዲድ ነው፤ ቶድሪ ለመባል ግን ልታይ ልታይ ማለት አለበት፦ የሆቴል ክፍል፣ የስጦታ ሐብል፣ ለጋዜጣ የተሸጠ ፎቶ።

ብዙ ተርጓሚዎች «ቶድሪ»ን «አሳፋሪ» ብለው ያልፉታል። እኔ አልወደውም፤ ጦርነትም አሳፋሪ ይባላል። አማርኛችን «ርካሽ» የሚለውን ለዕቃም ለምግባርም ይጠቀምበታል፤ «ርካሽ ተወዳጅነት» እንደምንለው። ስለዚህ ለዜናሽ «ርካሽ ቅሌት» በይው። ስለ ልብስ ወይም ስለ ቤት ዕቃ ከሆነ ግን መዝገበ ቃላቱ ልክ ነው፤ «ብልጭልጭ» የሚለውን አትጣይው።