የተላጨ ባት ልግዛ ወይ ላልከው

«የመሥሪያ ቤታችን ሶፍትቦል ቡድን ውስጥ ገባሁ፣ አንድ ልጅ ውስጡ የተላጨ ባት ሊሸጥልኝ ነው፣ ማንም አያውቅብህም ይለኛል፣ ልግዛ ወይ?» ላልከው ወንድሜ፣ ተው አትግዛ። (ሶፍትቦል የቤዝቦል ዘመድ ነው፣ ባት ደግሞ ኳሷ የምትመታበት ዱላ።) እኔ ቨርጂኒያ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር መጫወት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ እኔም ጎምጅቼ ነበር።

የሚያደርጉት እንዲህ ነው። የባቱን የጫፍ ክዳን ነቅለው ቶርኖ ላይ ያስሩትና ውስጡን ይፍቁታል። ግድግዳው ይሳሳል፤ ኳሷ ስታርፍበት ገባ ይልና እንደ ስፕሪንግ መልሶ ያስፈነጥራታል። ክዳኑን በሙጫ ይመልሱታል፣ ከውጭ የፈቃድ ማህተሙም ቀለሙም እንዳለ ነው። ሌላው ዘዴ በሁለት ሮለር መሃል እየጨመቁ ኮምፖዚቱን፣ ማለት ባቱ የተሠራበትን በሙጫ የተያያዘ የፋይበር ቁስ፣ ማላላት ነው። «እሱማ በጨዋታ ብዛትም ይላላል» ይሉሃል፣ ግን ያም ክልክል ነው።

ማህተሙ ጌጥ አይደለም። የአሜሪካ የሶፍትቦል ማኅበር ዩኤስኤ ሶፍትቦል፣ ድሮ ኤኤስኤ የሚባለው ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መለኪያ ባቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲፈተን ኳሷን በሰዓት ከ98 ማይል በላይ መላክ የለበትም። አሁን ፒቸሩን፣ ኳሷን ለመቺው የሚወረውረውን ሰው፣ አስበው። በስሎው ፒች፣ ኳሷ በዝግታ በሚወረወርበት የኛ ዓይነት ጨዋታ፣ ከመቺው 50 ጫማ ላይ ነው የቆመው፣ 15 ሜትር ገደማ። በ98 ማይል እንኳ ኳሷ እሱ ጋ ለመድረስ የሴኮንድ ሲሶ ያህል ነው የሚፈጅባት፤ ገና ወርውሮ እጁን ሳይሰበስብ።

የኛ ፒቸር ከሒሳብ ክፍል የመጣ፣ ሃምሳ ያለፈው ሰውዬ ነበር። አንድ ማታ የተቃራኒ ቡድን ልጅ ሲመታ ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር፣ «ቷ» ሳይሆን ድፍን ያለ «ዱም»። ሰውዬው ጓንቱን እንኳ አላነሳም፣ ክንዱን አገኘችው። እጅጌውን ስንሰበስብለት የኳሷ ስፌት፣ ክር በክር፣ ቆዳው ላይ ታትሟል። ፊቱ ቢሆንስ? ዳኛው ባቱን ተቀብሎ ሲነቀንቀው ውስጡ የሆነ ነገር ኳኳ አለ። ልጁ «የሰው ነው፣ ተውሼ ነው» አለ። በሳምንቱ የባት መጭመቂያ መለኪያ፣ ባቱን ጨምቆ መላላቱን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ሲመጣ ጌታው ሌላ ባት ይዞ ከች አለ!

በ2021 ቪየና ማራቶን አንደኛ የወጣው ደራራ ሁሪሳ ትዝ ይልሃል? የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሳንቲ ሆኖ ተገኘ፣ የሚፈቀደው 4 ነው፣ ውጤቱ ተሰረዘ። እዚያ ግን ቢበዛ ደረጃ ነው የሚዛባው፣ ጥርሱ የሚረግፍ ሰው የለም።

ባት ከፈለግክ አዲስ ግዛ፣ ሞዴሉን ከተፈቀዱት ዝርዝር ላይ እየው። ያገለገለ ከሆነ የክዳኑን ዙሪያ ተመልከት፣ ትኩስ ሙጫ ካለ ዞር በል። ደግሞ ኮምፖዚት በብርድ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ለመጋቢት ልምምድ አሉሚኒየም ይሻልሃል። በባት ክብደት እኔ በ26 አውንስ ጀምሬ አሁን 28 ነኝ። አንተ ስንት እንደሚመችህ ሞክረህ ጻፍልኝ።