ሞተ የተባለ በግ፣ ያልመጣ ዘር፣ የታጨደ ሽንኩርት፦ ጥያቄና መልስ

አንቀጾቹ ሌላ ካልተባለ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ናቸው።

ጥያቄ (ከመንዝ)፦ በጎቼን በየርቢ (እያረባ ውልዱን እንድንካፈል) የሰጠሁት ሰው ሦስት በግ ሽጦ «ሞቱ» አለኝ። በሌብነት ልክሰሰው?

መልስ፦ ስርቆት (665) ከባለይዞታው እጅ ያለ ፈቃድ መውሰድ ነው። እርስዎ ግን በጎቹን አምነው አስረክበዋል፤ ስለዚህ የሚጠየቀው በእምነት ማጉደል (675) ነው። የሁለቱም ጣሪያ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ የሚለየው የሚቀርበው ማስረጃ ነው። መጀመሪያ ርክክቡን የሚያስረዳ ውል ወይም ምስክር ይያዙ፤ ከዚያ ገዢውን ይፈልጉ። ቆዳው የት ሄደ፣ ሲሞትስ ማን አየ የሚለውም ይጠየቅ። በጎቹ በቸልተኝነቱ ሞተው ከሆነ ግን የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት አላሰበምና ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን ቢመልስስ?

መልስ፦ ቅጣት ያቀልለታል እንጂ ወንጀሉን አይፍቅለትም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የገብስ ምርጥ ዘር አመጣለሁ ብሎ 20,000 ብር ቀብድ ከበላ በኋላ ጠፋ።

መልስ፦ ቃል አለመጠበቅ ብቻውን ማታለል (692) አይሆንም። ወሳኙ ገንዘቡን የተቀበለባት ሰዓት ናት፦ ያኔ ዘር እንደሌለው እያወቀ አለኝ ብሎ ነበር? የሌለውን ፈቃድ አሳይቶ ነበር? አስቦበት ሳይሳካለት ቀርቶ ከሆነ የውል ክስ ነው። ፖሊስ ጣቢያ «የፍትሐ ብሔር ነው» ተብለው የሚመለሱት አብዛኞቹ አቤቱታዎች «ከዳኝ» ብቻ የሚሉ ናቸው። በምን ቀን ምን ብሎ እንደዋሸዎት፣ እሱን አምነው እንደከፈሉ ቁልጭ አድርገው ይጻፉ። የባንክ ደረሰኙንና የስልክ መልእክቱን ያያይዙ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ጎረቤቴ ተናዶ የሽንኩርት ማሳዬን አጨደው። አንዲት ራስ እንኳ አልወሰደም። ምን ተጠቅሞ ይከሰሳል?

መልስ፦ መጠቀም አይጠበቅበትም። በንብረት ማበላሸት የሚፈለገው የእርስዎ ጉዳትና የእሱ ሆን ብሎ ማድረግ ነው። የጎረቤትዎ ከብቶች አምልጠው ገብተው ቢሆን ኖሮ ሆን ብሎ ንብረት ማበላሸት አይሆንም ነበር፤ ባለቤቱ ግን በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 ይከፍላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በጊዜ ነው፦ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስስ ወንጀል፣ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁ ጀምሮ 3 ወር ነው ያለዎት (213)። ሽማግሌ ሲመላለስ ቀኑ ያልፋል። አቤቱታውን አስመዝግበው ይታረቁ፤ እርቁ ከሰመረ ማንሳት ይቻላል። ማሳውን መልሰው ሳያርሱ ፎቶ ያንሱ፣ የግብርና ባለሙያ ጉዳቱን በኪሎና በወቅቱ የገበያ ዋጋ ይገምትልዎት። ካሳውን እዚያው ወንጀል ችሎት መጠየቅ ይቻላል (የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154)።

ጥያቄ፦ በርካሽ የገዛሁት በግ የተሰረቀ ሆኖ ተገኘ። እኔ ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ መሰረቁን እያወቁ ከገዙ መሸሸግ (682) ነው። «አላውቅም» ማለት ብቻውን አያድንም፤ ዋጋው፣ ሰዓቱ፣ ከበግ ተራ ውጭ መገዛቱ፣ የጆሮው ምልክት በቅርቡ መቆረጡ ሁሉ ይታያል። ሳያውቁና የሚያስጠረጥር ነገር ሳይኖር ከገዙ አይቀጡም፤ በጉ ግን ለባለቤቱ ሊመለስ ይችላልና የሻጩን ማንነት የሚያውቅ ምስክር ይኑርዎት።