መድኃኒቱን ጨርሻለሁ፣ ሳሉ ግን አልለቀቀኝም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ትኩሳትና ደረቅ ሳል ይዞኝ አሞክሳሲሊን ለ7 ቀን ወሰድኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ በምርመራ ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ ነው ተባልኩና አዚትሮማይሲን ለ5 ቀን ታዘዘልኝ። ትኩሳቱ በ3ኛው ቀን ጠፋ። መድኃኒቱን ከጨረስኩ 10 ቀን ቢሆነኝም ሳሉ ግን አለ። ልድገመው?

መልስ፦ አይድገሙት። ትኩሳቱ መጥፋቱ መድኃኒቱ ሥራውን መሥራቱን ያሳያል።

አሞክሳሲሊን ያልረዳዎት ደካማ ስለሆነ አይደለም። እሱና የፔኒሲሊን ዘመዶቹ ባክቴሪያን የሚገድሉት የሕዋሱን ግድግዳ በማበላሸት ነው። ማይኮፕላዝማ ደግሞ ከነጭራሹ ግድግዳ የለውም። ስለዚህ መጠኑን ቢጨምሩትም ዋጋ የለውም። አዚትሮማይሲንና ዶክሲሳይክሊን ግን ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ ስለሚያግዱት ይደርሱበታል።

ታዲያ ሳሉ ለምን ቀረ? ማይኮፕላዝማ የአየር ቧንቧ ላይ ይጣበቅና አክታ ጠርገው የሚያወጡትን ጥቃቅን ፀጉሮች ይጎዳል። ባክቴሪያው ቢሞትም የተጎዳው ቦታ እስኪያገግም ሳሉ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ደግሞም አዚትሮማይሲን የመጨረሻውን ክኒን ከዋጡ በኋላም ለቀናት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። 5 ቀን አነሰ ብለው አይስጉ።

ትኩሳቱ በ3 ቀን ውስጥ ባይበርድ ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። አዚትሮማይሲንን የተላመደ ማይኮፕላዝማ አለ። ያኔ ሐኪሙ ወደ ዶክሲሳይክሊን ወይም ለአዋቂ ወደ ሌቮፍሎክሳሲን ይቀይራል። ሌቮፍሎክሳሲንን ግን በራስዎ ገዝተው እንዳይጀምሩ አደራ። የሳንባ ነቀርሳንም ለጊዜው ስለሚያስታግስ በሽታው ሳይታወቅ እንዲቆይ ያደርጋል።

ዶክሲሳይክሊን የሚታዘዝለት ሰው ካለ፣ በብርጭቆ ሙሉ ውኃ ይዋጠው፤ ወዲያው አይተኛ። አንዲት ታካሚዬ በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጣ ጋደም አለች። በማግስቱ ምራቋን መዋጥ እንኳ አቅቷት መጣች፤ ክኒኑ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ አቁስሏት ነበር። ከወተት፣ ከአይረን ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋርም አንድ ላይ አይወሰድም። እርጉዝ ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ።

ትኩሳቱ ከተመለሰ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካዩ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይታዩ። የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ አክታዎ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ማሳል ከጀመረ የእርስዎን የተረፈ መድኃኒት አይስጡት፤ ከእርስዎ የተያዘ ሰው ምልክቱ የሚታይበት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ለሐኪሙ እርስዎ መታመምዎን ይንገረው።