የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደጅ ስትቆም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስትመጣ አማቴ «ምን ልትቆጣጠረን ነው?» እያሉ ፊት ይነሷታል። (ከመሐል ሜዳ አካባቢ)

እህቴ፣ አማትሽን ከጉዳዩ አታርቂያቸው። በሚቀጥለው ጉብኝት ቡናው በእርሳቸው እጅ ይፈላና አጠገብሽ ተቀምጠው ይስሙ። ምጥ ሲመጣ «ትሂድ» ወይም «ትቆይ» የሚሉት እርሳቸው አይደሉ? እንግዲያው ደም መፍሰስ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠትና የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስሮጡ ምልክቶች መሆናቸውን ከባለሙያዋ አፍ ይስሙት።

አንቺም አትዘናጊ፤ የቤት ለቤት ጉብኝት የእርግዝና ክትትልን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን ነው። መንገዳችሁ ገደልና ወንዝ ከሆነ፣ ያውም በክረምት፣ ምጡን ቤት ሆነሽ አትጠብቂ። የእናቶች ማቆያ ያለው ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ባለሙያዋን ከአሁኑ ጠይቂያት።

ደብረ ብርሃን ብርዱ አይጣል ነው። አራሱን ልጅ በምን እናሙቀው? (አዲስ አባት)

ብርዱስ እኛንም አልማረንም! በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ገላውን አትጠቡት። ኮፍያ አድርጋችሁለት፣ ገላው ከእናቱ ገላ ተጣብቆ፣ ባናው ከላይ ይደረብላቸው፤ ፊቱን ግን እንዳይሸፍነው። እናቱ ስትደክም እርስዎም ደረትዎ ላይ ሊያቅፉት ይችላሉ፤ ነውር የለውም። የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር መዝጋት ግን አራሷንም ልጁንም ሊገድል ይችላል።

ሸዋሮቢት ሙቀት ነው። የሁለት ወር ልጄን ውኃ ባቀምሰው ምን አለበት?

እስከ 6 ወር ውኃም ቅቤም አያስፈልገውም። የጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሙቀት ሲበረታ ደጋግመሽ አጥቢው።

ከወለድኩ ሳምንት ሆነኝ፤ ቤቴ የመጣ ባለሙያ የለም። ተረሳሁ?

ከወሊድ በኋላ እናትና ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀንና በ6ኛው ሳምንት መታየት አለባቸው። ቅሬታሽ ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ጤና ኬላ ብዙውን ጊዜ ያሉት ሁለት ባለሙያዎች ናቸው፤ ቀበሌውን የሚያዳርሱትም በእግራቸው ነው። ቤት ወልደሽ ከሆነ መውለድሽን የነገራቸው ሰው ላይኖር ይችላል። ባለቤትሽን ዛሬውኑ ጤና ኬላ ላኪውና «ወልዳለች» ብሎ ያስመዝግብ። ልጁ ካልጠባ፣ ካተኮሰው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ማንንም ሳትጠብቂ ይዘሽው ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የ6ኛው ሳምንት ክትባትም አለ፤ ካርዱን ከሳጥን ውስጥ አውጪና ከዓይንሽ ፊት ስቀይው።