ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት፦ ከድሬ ለሚነሱ መንገደኞች ጥያቄና መልስ

ድሬ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ወንዝ የላትም። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ በ1998 ክረምት ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የውሃ ሽርሽር ያማረው የድሬ ልጅ ሻንጣ መሸከም አለበት። እኔ ጂቡቲ የጀልባ ሞተር ስጠግን ኖሬያለሁ። አሁን ከዚህ ሆኜ የቤተሰብና የማኅበር ጉዞ አስተባብራለሁ። ስለ ኪራይ ጀልባ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን እነሆ።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ቤተሰብ ይዤ ባህር ዳር ልሄድ ነው። የጀልባ ባለቤቶች ፎቶ ልከውልኛል፤ ሁሉም ቆንጆ ናቸው። ጥሩውን በምን ልለየው?

በፎቶ አይለይም አቦ! ፎቶ የሚያሳይህ ቀለምና ጣራ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ይታደሳሉ። ሐይቁ ዳር ሄደህ በዓይንህ እይ፤ ያውም ጠዋት፣ ሰው ሳይጫን።

መጀመሪያ የወለሉን ሳንቃ አስነሳ። ከሥር ትንሽ ውሃ ቢኖር አይገርምም፤ ዝናብም ማዕበልም ያስገባል። ብዙ ውሃ ተኝቶ ካገኘኸው ግን ከታች እየገባ ሊሆን ይችላል። ቅዳልኝ በለውና ቆይተህ ተመልሰህ እይ። ከውሃው ላይ የቤንዚን ቅባት ሲያብለጨልጭ ካየህ ወይም ቤንዚን ከሸተተህ ሌላ ጀልባ ፈልግ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ታች ወለሉ ሥር ይጠራቀምና አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል።

ከዚያ ወደ ኋላ ሂድ። ሞተሩ የታሰረበትን የኋላ ግድግዳ እይ። ብዙ የፋይበር ጀልባዎች እዚያ ጋ ውስጣቸው እንጨት ነው። በብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፤ ከውጭ ፋይበሩ ደህና ይመስላል። የሞተሩን ራስ ያዝና ወደ ላይ ወደ ታች ነቅነቅ አድርገው። ግድግዳው አብሮ ከተወዛወዘ፣ ወይም በብሎኖቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ፣ ልጆችህን አታስገባ።

በመጨረሻ ሞተሩን አስነሳ። ከጎኑ ቀጭን የውሃ ፍሰት ፊን ብሎ መውጣት አለበት። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው፤ ያ ፍሰት ማቀዝቀዣው መሥራቱን ይነግርሃል። ከተንጠባጠበ ወይም ጭራሽ ካልወጣ መግቢያው ተዘግቷል ወይም ፓምፑ አርጅቷል። ጣና ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። እምቦጩ ፕሮፔለር ላይ (ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው ክንፍ ላይ) ይጠመጠማል፣ የውሃ መግቢያውንም ይደፍናል። መሀል ሐይቅ ላይ ሞተር ጋለ ማለት ቀኑ አለቀ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ የማኅበራችን ሰዎች ሃያ ነን። ጣና ላይ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ያለው አንድ ጀልባ ይበቃችኋል ብለውናል። እውነት ይበቃናል?

40 የሚለው ቁጥር የሚሠራው ባሕር ዳርቻ ነው፤ የጂቡቲውን ማለቴ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ይቀንሳል ብለህ አስላ። ያ 40 ጣና ላይ ወደ 33 ይወርዳል። ታች ጨው ውሃ ላይ እንደ ጥይት የሚተኮስ ሞተር እዚያ ሲጫን ያቃስታል፤ ብልሽት የለበትም። ጎበዝ ባለቤት ይህን ስለሚያውቅ በአንድ ዙር ትንሽ ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር ይገጥማል። ስለዚህ «ፕሮፔለሩ ለዚህ ከፍታ የተመረጠ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ባትረዱት እንኳ ጥያቄው የገባው ሰው መሆኑን ታያላችሁ።

ከጉልበቱ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጭነቱ ነው። ሁላችሁም ከተቀመጣችሁ በኋላ ከውሃው እስከ ጀልባው ጠርዝ ለኩ። የእኔ ልክ ሁለት ስንዝር ነው፤ ከዚያ ካነሰ ሰው ይውረድ። ሃያ ሰው ከሆናችሁ ሁለት ጀልባ ያዙ። አንዱ ሲቆም ሌላው ይጎትታል።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ላይፍ ጃኬት አለን ይላሉ፤ የትልቅ ሰው ቢሆንስ?

የትልቅ ሰው ጃኬት ለአራት ዓመት ልጅ ምንም ማለት ነው፣ እህቴ። ውሃ ውስጥ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልጅቷ በሥሩ ሾልካ ትቀራለች። በልኳ የሆነ፣ በእግሮቿ መሀል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሁን። አልብሰሻት ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳብ አድርጊው። ጃኬቱ ጆሮዋን ካለፈ አይሆናትም።

ጀርባው ላይ የተጻፈውንም አንብቢ። ኒውተን የሚባለው ጃኬቱ የሚያንሳፍፍበት ኃይል መለኪያ ነው፤ 50 ኒውተን የሚለው ዋና ለሚችልና ዳር ላይ ላለ ሰው ነው። መዋኘት ለማይችል ቢያንስ 100 ኒውተን ያስፈልጋል። ስፖንጁ ተጨፍልቆ የሳሳ፣ ጨርቁ በፀሐይ ነጥቶ ሲጎትቱት የሚቀደድ ከሆነ አትቀበዪ። እንደ ትራስ የሚቀመጡበት ጃኬትም ብዙ አይቻለሁ። ዋናው ነገር ግን ከመነሳታችሁ በፊት መልበስ ነው። ወንበር ሥር የታጨቀ ጃኬት ማንንም አላዳነም።

ጥያቄ፦ ይሄን ሁሉ መንገድ ከምንሄድ ሐሮማያስ?

ውሃው ደርቆ መመለሱ ደስ ይላል። ለአጭር ዙርና ለፎቶ ሂዱ፤ ቅርብ ነው። ጃኬቱን እዚያም ጠይቁ።

ጥያቄ (ከለገሀሬ)፦ ጓደኞቼ ጫሞ ሐይቅ ላይ የገጠማቸው ጀልባ ነጂ ጫት ሲቅም ነበር። ችግር አለው?

ይሄን ድሬ ላይ ቁጭ ብለህ መጠየቅህ! አዎ፣ አልወደውም። የመረቀነ ሰው ፍጥነት ይወዳል፣ ጨዋታም ይበዛበታል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። ከሞተሩ ጋር የተያያዘች የተጠማዘዘች ገመድ አለች፤ ቀይ ናት አብዛኛውን ጊዜ። ነጂው በእጁ ወይም በቀበቶው ካሰራት፣ ቢወድቅ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ካላሰራት ባዶ ጀልባ እየዞረ ይመለስበታል። ጫሞ ደግሞ አዞና ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ነው። ይህቺን ገመድ ቆርጦ የጣለ ወይም በሽቦ ያሰረ ባለቤት ሌላውንም ነገር እንደዚያው ነው የሚይዘው።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳባቸዋል። ጠዋት መስታወት የነበረው ውሃ አመሻሹ ላይ ጀልባ ያንገላታል። ጠዋት ውጡ፤ ነጂው «ከምሳ በኋላ ይሻላል» ካለ ጠዋት ሌላ ሰው ይዟል ማለት ነው። ነዳጁንም እዩ፤ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ሳይነካ ይቀመጥ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ታኅሣሥ ላይ በባቡር ጂቡቲ ወርደን ያንን ትልቅ ዓሣ፣ ዌል ሻርክ፣ ማየት አስበናል። እዚያስ ምን እንይ?

ወቅቱን አግኝታችኋል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይታያሉ። ባሕር ላይ ግን ዋናው ጠላት ጨው ነው። የሽቦ መጋጠሚያዎችን እዩ፤ አረንጓዴ ዝገት ከያዙ ኤሌክትሪኩ አይታመንም። «ማታ ሞተሩን በንጹሕ ውሃ ታጥባላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያጥብ ሰው ሞተሩን ይወዳል። መሰላል መኖሩንም አረጋግጡ። ሰው ውሃ ውስጥ እያለ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ልጄ እንግሊዝ አገር ናት። በዚያ በሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ ላይ ለሳምንት ቤት ያለው ጀልባ ተከራይታ ልትወስደኝ ነው። ነጂ የለውም፣ ራሳችን እንነዳለን ትላለች። እውነት ነው?

እውነት ነው አባቴ። መንጃ ፈቃድም አይጠየቅም። ጀልባዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ወርዳቸው 2 ሜትር ከትንሽ ሲሆን ርዝመታቸው እስከ 21 ሜትር ይደርሳል። እንደ ባቡር ፉርጎ ስለሆኑ እርስዎ አይከብድዎትም። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ዳር ላይ የሚሄድ እግረኛ ይቀድምዎታል።

ልጅዎ ከመክፈሏ በፊት ጥቂት ነገር ትጠይቅ። አልጋው የቆመ ነው ወይስ በየማታው ከጠረጴዛ የሚሠራ? ለወገብዎ ትልቅ ልዩነት አለው። ማሞቂያው በምን ይሠራል? እዚያ በሚያዝያም ይበርዳል። ሽንት ቤቱ ተነቅሎ የሚደፋ ነው ወይስ በፓምፕ የሚሳብ? የሚደፋ ከሆነ ማን እንደሚደፋው አስቀድማችሁ ተስማሙ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኖሩንና መጮሁን ይሞክሩ፤ ምድጃና ማሞቂያ በተዘጋ ጠባብ ቤት ውስጥ ናቸው።

ሲረከቡ አከራዩ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን መክፈቻ ያሳያችሁ። ሳርና ላስቲክ ሲጠመጠም በዚያ ይጸዳል፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ። ክዳኑ በደንብ ሳይዘጋ ሞተር ከተነሳ ውሃ ገብቶ ጀልባው ሊሰምጥ ይችላል። የውሃው መንገድ ከፍታው በሚለወጥበት ቦታ ደግሞ ጀልባውን ከውሃው ጋር የሚያወጡና የሚያወርዱ በር ያላቸው ክፍሎች (ሎክ) አሉ፤ በእነሱ ሲወርዱ ከኋላ በሩ ሥር የሲሚንቶ እርከን አለ። ውሃው ሲወርድ የጀልባው ጅራት እዚያ ላይ እንዳይንጠለጠል ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ይህን በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ቁልፍ የሚሰጥ አከራይ ካጋጠማችሁ፣ እንደገና አስረዳን በሉት።

ጥያቄ፦ ክፍያው መቼ ይሁን?

ግማሹ ስትነሱ፣ ግማሹ ስትመለሱ። ጣና ላይ ከሆነ ገዳማቱ ጋ የሚጠብቃችሁን ሰዓት አብራችሁ ተስማሙ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፤ እናቶች ካሉ ነጂው ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይውሰዳችሁ። ይህን ዳር ላይ ሳትከፍሉ ተነጋገሩት።