ሚሳኤል፣ ተወንጫፊ፣ ተወርዋሪ… የቱን ልጻፍ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? እኔ የውጭ ዜና ወደ አማርኛ ምመልስ ልጅ ነኝ፣ አንድ ዜና ላይ አስር ጊዜ ሚሳኤል ሚሳኤል እያልኩ መጻፍ ሰልችቶኛል። የራሳችን ቃል የለውም ወይ? አንዱ ተወንጫፊ በይው ይለኛል፣ ሌላው ተወርዋሪ፣ ተምዘግዛጊ ሚልም አለ። ሮኬትስ ከሱ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እህቴ፣ ደህና ነኝ። ጥያቄሽን በጣም ነው የወደድኩት፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሚፈልገው ስሙን ነው፣ አማርኛ ግን እዚህ ጋ ሀብቱን ያስቀመጠው ግሱ ላይ ነው። ነገሩ እንዴት እንደወጣ ግሱ ይነግርሻል፣ ስሙ ከዛ ይወለዳል። ድንጋይ በእጅ ይወረወራል፣ በወንጭፍ ይወነጨፋል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ ሳተላይት ደሞ ትመጥቃለች። ከነዚህ ተወርዋሪ፣ ተወንጫፊ፣ ተተኳሽ ይወጣሉ፣ እና ሁሉም በየፊናቸው ስራ ይዘዋል።

ተወርዋሪን እንይ። ከትርጉም አንጻር ሚገርም ነገር አለው፣ ሚሳይል የሚለው ቃል ራሱ ከላቲን የመጣ ሲሆን እዛም ትርጉሙ "የሚወረወር ነገር" ነው፣ ስለዚህ ተወርዋሪ ያለሽ ሰው ቃል በቃል ከሄድን ልክ ነው። ችግሩ አማርኛ ውስጥ ቃሉ ስራ በዝቶበታል። ሌሊት ሰማይ ላይ ብልጭ ብሎ ሚጠፋው ተወርዋሪ ኮከብ ነው፣ ባስቸኳይ ሚደርስ ሰራዊት ተወርዋሪ ጦር ይባላል፣ ስለዚህ "ተወርዋሪው ከተማው ደረሰ" ብለሽ ብትጽፊ አንባቢ ወታደር ነው ሚመጣለት። ለኔ ተወርዋሪ ምርጥ ቦታው ፊዚክስ ነው፣ ፕሮጀክታይል ለሚሉት፣ ማለትም አንዴ ከተለቀቀ በኋላ የራሱ ሞተር ሳይኖረው በመሬት ስበት ብቻ (አየሩም ትንሽ ይጎትተዋል) ጎብጦ ሚወርድ ማንኛውም ነገር፣ ኳስም ይሁን ድንጋይ።

ተወንጫፊ ግን ሌላ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17ን አስታውሺ፣ ጎልያድ ጦር ይዟል፣ ዳዊት ከወንዝ 5 ድብልብል ድንጋይ መርጦ ወንጭፉን ይዟል። ጦር ሚወረወረው በክንድ ነው፣ ድንጋዩ ግን ወንጭፍ ላይ ተቀምጦ ይሽከረከራል፣ ጉልበት ያጠራቅማል፣ ከዛ ገመዱ ሲለቀቅ ይፈተለካል፣ እጅ ብቻውን ከሚያደርሰው በላይ ይሄዳል። ስለዚህ መወንጨፍ ሲባል መሃል ላይ መሳሪያ አለ፣ ግፊት አለ። ሚሳይል ከማስወንጨፊያ ተነስቶ ሲሄድ ዜና አንባቢው "ተወነጨፈ" ሲል ጆሮ ላይ ማይጎረብጠው ለዚህ ነው፣ ማስወንጨፊያ የሚለው ቃልም ከዚሁ ግስ ወጥቶ ተለምዷል። ተወንጫፊ ያለሽ ሰው እንግዲህ ጥሩ መክሮሻል።

ተምዘግዛጊ ግን ስም ሳይሆን መግለጫ ነው። መምዘግዘግ በፍጥነት ቀጥ ብሎ መሄድ ነው፣ ጥይትም ወፍም ይምዘገዘጋል፣ ብቻውን ብትጽፊው ምኑ እንደሆነ አይታወቅም። ተተኳሽ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ከጥይት እስከ ሞርታር ድረስ ሚተኮሰውን ሁሉ ይይዛል፣ ዜና ላይ "የጦር መሳሪያና ተተኳሾች ተያዙ" ሲባል እንደምትሰሚው።

ሮኬትና ሚሳይል አንድ አይደሉም። ሮኬት ነዳጁን አቃጥሎ ከኋላው በሚተፋው ጋዝ ሚገፋ ነገር ነው፣ መሳሪያም ሊሆን ይችላል፣ ሳተላይት ተሸካሚም ሊሆን ይችላል። ሚሳይል ሲባል ደሞ ባሁኑ አጠራር ወደ ዒላማው የሚመራ መሳሪያ ነው፣ ብዙው በሮኬት ሞተር ይሄዳል ግን ክሩዝ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በጄት ሞተር ነው ሚበረው። አህጉር አቋራጭ ሚባለው ከ5,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሚሄደው ነው። ስለዚህ ድግግሞሽ ለመሸሽ ብለሽ አንዱን ባንዱ እንዳትተኪ፣ ዜናው ይበላሻል።

አንድ በጣም ሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ "ሚሳኤል አመጠቀች" እያሉ ሚጽፉ አሉ። መጠቀ ማለት ወደ ላይ ርቆ ሄደ ነው፣ ምጡቅ አእምሮ፣ የመጠቀ ሀሳብ ምንለው ከሱ ነው፣ ቃሉ ውስጥ አድናቆት አለ። ታህሳስ 10 ቀን 2012 የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትላክ "መጠቀች" ተባለ፣ እንዴት ያምራል! ሰው ላይ ለሚወድቅ ነገር ግን ተኮሰች ወይ አስወነጨፈች ይበቃል።

እነዚህ ግሶች ከጦር ሜዳ ወጥተው ቤታችን ገብተዋል እኮ። ሰውየው ነገር ወርወር አድርጎ ሄደ እንላለን፣ ጎበዝ ልጅ ጥይት ነው እንላለን፣ ሊንክ ለሚባለው እንኳ ማስፈንጠሪያ የሚል ስም ወጥቶለታል፣ ተጭነሽው ወደሌላ ገጽ ያስፈነጥርሻላ።

ወደ ስራሽ ስንመለስ፣ "ሀገሪቱ ሚሳኤል ተኮሰች፣ ሚሳኤሉ ባህር ላይ ወደቀ፣ ሚሳኤሉ 800 ኪሎ ሜትር ተጉዟል" ከምትዪ "ሀገሪቱ የተኮሰችው ሚሳይል 800 ኪሎ ሜትር ተምዘግዝጎ ባህር ላይ ወደቀ" በዪው፣ አንዴ ብቻ ነው የተጠራው፣ ሌላውን ግሱ ተሸከመልሽ። ዜናው ከረዘመ ቀጥሎ "ተወንጫፊው" ወይ "መሳሪያው" ማለት ይቻላል።

አጻጻፉን ደሞ ልብ አልሽው? አንቺ ሚሳኤል ብለሽ ነው የጻፍሽው፣ እኔ ሚሳይል። ያንቺው አጻጻፍ በብዛት የተለመደ ነው፣ ስህተት ነው አልልሽም። ግን ሚሳኤል ከአናንያና ከአዛርያ ጋር እሳት ውስጥ ተጥሎ በእግዚአብሔር የዳነው ወጣት ስም ነው፣ ትንቢተ ዳንኤል ላይ አለ፣ ዛሬም በዚህ ስም ሚጠሩ ሰዎች አሉ። ሚካኤል፣ ገብርኤል ለምዶበት ጆሯችን ነው መሰለኝ ባዕዱን ቃል በ"ኤል" የጨረሰው። እኔ ስሙን ለሰዎቹ ትቼ መሳሪያውን ሚሳይል እላለሁ፣ አንቺም አንዱን መርጠሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሱው ጽፊ።