ጉፒዎቹ ለምን አለቁብኝ?

ከድሬዳዋ ሳቢያን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ የ60 ሊትር አኳሪየም ገዝተህ በቧንቧ ውሃ ሞላኸው። በማግስቱ 8 ጉፒ የሚባሉ ትንንሽ የጌጥ ዓሣዎች አስገባህ። በሳምንቱ 5ቱ ሞቱ። ሻጩ በመከረህ መሠረት ውሃውን በሙሉ ደፍተህ፣ የፊልተሩን ስፖንጅ በሳሙና አጠብክ። የቀሩት 3ቱ አሁን ላይ ላዩን እየዋኙ አፋቸውን ይከፍታሉ። «ውሃው እኮ እንባ ይመስላል» ትላለህ።

አቦ፣ ሳሙናው ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ያንን ስፖንጅ ጣለውና አዲስ ግዛ።

ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ቀለም ስለሌለው በዓይን አይታይም። ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ገዳይ ነው። ናይትሬት ግን ካልበዛ አያሰጋም። አዲስ አኳሪየም እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉትም፤ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ሳሙናህ የጀመሩትንም ጨረሰብህ።

ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቀዋለህ። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ጉፒና ሞሊ የሚባለው ዓሣ ይወዱታል፤ ቀይረው አልልህም። ችግሩ እንዲህ ያለ ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ከፍ ይላል። ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ሙቀታችንም ያባብሰዋል፤ የሞቀ ውሃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይዝም።

አሁን 3ቱን እናትርፍ። የአየር ፓምፑን ሌት ተቀን አታጥፋ። በየቀኑ ከውሃው ሩቡን ብቻ ቀይር። ክሎሪኑ እንዲወጣ የምትጨምረውን ውሃ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ ከ24 ሰዓት በፊት አሳድር። ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ ከሆነ የምትቀዳው፣ ጠዋት በማለዳ ቅዳ፤ የቀትሩ እጅ ያቃጥላል። ምግብ በቀን አንዴ፣ በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ቁንጥር ብቻ።

የቆየ ጤነኛ አኳሪየም ያለው ጓደኛ ካለህ ከስፖንጁ ቁራጭ ለምነው። እርጥብ እንደሆነ አምጥተህ ፊልተርህ ውስጥ ክተተው፤ ሳምንታት ያሳጥርልሃል። ወደፊት ስፖንጅ ሲቆሽሽ ከራሱ ከአኳሪየሙ በቀዳኸው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ መልሰው።

በጠብታ የሚሠራ መለኪያ ግዛ። አሞኒያና ናይትራይት 0 ሆነው ሳምንት ሳይቆዩ አዲስ ዓሣ አታስገባ። ከዚያም ሁለት ሁለት እያልክ ጨምር። የቧንቧውን ውሃም ለብቻው ለካ። የድሬ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ናይትሬት ይበዛባቸዋል፤ ያንን ቁጥር ካላወቅህ ውሃ እየቀየርክ ናይትሬቱ ለምን እንደማይወርድ ግራ ይገባሃል።